የሰይፍ እጀታ ሦስት ስም ብቻ አይበቃውም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሰይፍ እጀታ ክፍሎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ጓደኛዬ ላከልኝ። «አንተ እንዲህ ዓይነት ነገር ትወዳለህ፣ አንብበው» ይላል መልእክቱ። አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ስለቱ ነው፤ ስለ እጀታ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን እየተቁነጠነጥኩ ጨረስኩት።

ጸሐፊው የሚሉትን ባጭሩ ላስቀምጥ። የማንኛውም ሰይፍ እጀታ ሦስት ክፍል ብቻ ነው ይላሉ፦ ከስለቱ ጋር የሚዋሰነው መከታ፣ መሃል ላይ መጨበጫ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ፖሜል የሚባለው ጉብ ያለ ነገር። ቀጥለው፣ የስለቱ ብረት በእጀታው ሙሉ ስፋትና ርዝመት ካልሄደ ሰይፉ ርካሽ ነው ይላሉ። ፖሜል የተፈጠረው ለሚዛን ብቻ ነው፣ ሰይፉንም ያቀለዋል። መስቀለኛው መከታ የመጣው ከመስቀል ጦርነቶች ነው፣ የዘመኑ ፈረሰኞችም «ኪዮን» ይሉት ነበር። መጨረሻ ላይ ስማቸው ታሪካቸውን ይናገራል ያሏቸውን ሁለት ሰይፎች ጠቅሰው ይዘጋሉ። አንድ ሥዕልም አለ፣ እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቅሬታዬ ከሁሉም ነጥቦች ስር ያለው አካሄድ ላይ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ ስሙን ይይዛሉ፣ ከዛ ክፍሉ ምን እንደሚሰራ ከስሙ ላይ ያወጣሉ። ስሞቹ ግን ከተለያየ ዘመንና ከተለያየ ቋንቋ የተለቃቀሙ ናቸው። አንዳንዶቹ ሰይፉ ከተሠራ ከመቶ ዓመታት በኋላ የተለጠፉ ናቸው። ክፍሉን በስራው ካላየነው ስሙ ያሳስተናል።

ሦስት ክፍል ነው ወይ?

የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሰይፍ ፊታችን ካለ፣ ሦስት ማለቱ ያስኬዳል። ችግሩ «ማንኛውም» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

የካውካሰስን ሻሽካ እንውሰድ። መከታ የለውም። ትንሽም ብትሆን የለውም። ስለቱ ያልቅና መጨበጫው ይጀምራል። እንዲያውም እጀታው ራሱ አብሮ ወደ ሰገባው ስለሚገባ፣ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። የኦቶማኖቹ ያታጋንም መከታ የለውም። በምትኩ የእጀታው ጫፍ እንደ ሁለት ጆሮ ተከፍሎ ይወጣል፤ ሲጎተት እጅ እንዳያመልጥ ጆሮዎቹ ይይዙታል። እነዚህ ሁለቱ በሺዎች እጅ ያለፉ ሰይፎች ናቸው እንጂ የሙዚየም ጉድ አይደሉም።

ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። የቫይኪንግ፣ ማለትም የድሮ ስካንዲኔቪያ ሰዎች፣ ሰይፍ እጀታ ላይ ሁለት አግዳሚ አለ፦ አንዱ ከስለቱ ስር፣ ሌላው ከመጨበጫው ማብቂያ ላይ፣ ከፖሜሉ በታች። የድሮው የኖርስ ቋንቋ ታዲያ ለሁለቱም አንድ ቃል ነበረው፣ «ህያልት»። መከታው የፊተኛው ህያልት፣ ፖሜሉ ያለበት ጎን የላይኛው ህያልት ይባላል። ዛሬ እንግሊዝኛው እጀታውን በሙሉ «ሂልት» የሚልበት ቃል የዚሁ ዘመድ ነው። ቃሉ በአንድ ቋንቋ የክፍል ስም ነው፣ በሌላው የሙሉው ስም። ስም ላይ ብቻ መደገፍ የሚያዳልጠው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

የኛም «እጀታ» ከዚህ አይርቅም። አንዳንዴ ሙሉውን፣ አንዳንዴ እጅ የሚያርፍበትን ብቻ እንልበታለን። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ እጀታ ስል ሙሉውን፣ መጨበጫ ስል መሃሉን ነው።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ኖርዌያዊው አርኪዮሎጂስት ያን ፔተርሰን እ.ኤ.አ. በ1919 የቫይኪንግ ሰይፎችን ሲመድብ 26 ዋና ዋና ዓይነቶች አወጣ። የመደባቸው በእጀታቸው እንጂ በስለታቸው አልነበረም። ከመቶ ዓመት በኋላም ተመራማሪዎች እሱ ለየዓይነቱ የሰጣቸውን ፊደላት ይጠቀማሉ። እጀታ ለማንበብ የሚበቃ ነገር ስላለው ነው። ሦስት ክፍል ብሎ መዝጋት ያን ሁሉ መዝጋት ነው።

የጃፓኑን ካታና ደግሞ ሦስት ክፍል ብለን ብንቀመጥ ሠሪዎቹ ይስቁብናል። መጨበጫው ጹካ ነው። መከታው ጹባ። በጹባው ግራና ቀኝ ሴፓ የሚባሉ ስስ ማጥበቂያ ቀለበቶች አሉ፣ እንዳይንቀሳቀስ የሚያጠብቁት። መጨበጫው የሚጀምርበት የብረት ቀለበት ፉቺ፣ የሚያልቅበት ቆብ ካሺራ ነው። ከእንጨቱ ላይ የባሕር ዓሣ ቆዳ፣ ከሱ ላይ የተጠላለፈ ጥልፍልፍ ጥብጣብ፣ ከጥብጣቡ ስር ሜኑኪ የሚባሉ ትንንሽ ጌጦች። እና ይህን ሁሉ ከስለቱ ጋር የሚያያይዘው አንዲት የቀርከሃ ችንካር ናት፣ ሜኩጊ። ዘጠኝ ቆጠርኩ፣ ገና አላለቀም።

የብረቱ ጭራ

ስለቱ ወደ እጀታው ውስጥ ይቀጥላል። ያንን የተደበቀ ክፍል ጭራ ልበለው። ጸሐፊው ጭራው የእጀታውን ሙሉ ስፋት ካልያዘ ሰይፉ ርካሽ ነው የሚሉት ከዘመናዊ ቢላ ማስታወቂያ የተወሰደ ይመስላል።

የሚያስፈራ ጭራ መኖሩን አልክድም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጌጥ ሰይፍ ገዝቼ ነበር። አንድ ቀን እንግዳ ፊት ላሳይ ብዬ አየር ላይ ወዘወዝኩት። እጀታው እጄ ላይ ቀረ፣ ስለቱ ሄዶ ሶፋው ላይ አረፈ። ደግነቱ ሶፋው ላይ ማንም አልነበረም። ፈትቼ ሳየው ጭራ የተባለው እንደ እርሳስ የቀጠነ ዘንግ ነው፣ ስለቱ ላይ በብየዳ የተለጠፈ። የተሰበረውም ብየዳው ላይ ነው።

ጥፋቱ ግን ጭራው ከእጀታው መጥበቡ አይደለም። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሰይፎች አብዛኞቹ ጭራቸው ጠባብ ነው። እንዲያውም ከእንጨቱ ውስጥ ስለተደበቀ አይታይም። ልዩነቱ ከስለቱ ጋር አንድ ብረት መሆኑ ነው። ከስለቱ ሥር ሰፋ ብሎ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ እየጠበበ በመከታው፣ በመጨበጫው፣ በፖሜሉ ውስጥ ያልፋል። ጫፉ ከፖሜሉ ወጣ ሲል በመዶሻ ተደብድቦ እንደ ሚስማር ራስ ይሰፋል። አለቀ። ሁሉም ነገር ተቆለፈ።

የካታናው ጭራ፣ ናካጎ፣ እስከ መጨበጫው ዳር እንኳን አይደርስም። ከዛች ከቀርከሃ ችንካር ውጭ ያሰረው ነገር የለም፣ ችንካሯን መታ መታ አድርጎ ማውጣትና እጀታውን መፍታት ይቻላል። ሠሪው ስሙን የሚቀርጸው እዛ የማይታየው ጭራ ላይ ነው። ዝገቱም አይጸዳም፤ የዝገቱ ቀለም ዕድሜውን ለመገመት ይረዳልና። በጸሐፊው ሚዛን ይሄ ርካሽ ሰይፍ ነው ማለት ነው።

ሙሉ ስፋት ያለው ጭራ የነበራቸውም አሉ። በጀርመን አገር በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደው ረጅሙ «ሜሰር» አንዱ ነው። ጭራው ሰፊ ሰሌዳ ሆኖ በሁለት ጎኑ እንጨት ተለጥፎ በሚስማር ይያያዛል። ሜሰር ማለት በጀርመንኛ ቢላ ነው። አሠራሩም የቢላ ነው። ሰዎቹ ያውቁት ነበር፣ የቢላ አሠራር ነው ብለው የቢላ ስም ሰጡት።

ፖሜልና ሚዛን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። ግማሽ ልክ ደግሞ ከሙሉ ስህተት ይልቅ ያስቸግራል።

ከባድ ፖሜል የሰይፉን ሚዛን ወደ እጅ ያመጣል፣ እውነት ነው። በቁጥር እንየው። ፖሜል የሌለው 900 ግራም ሰይፍ አለ እንበል፣ ጣት ላይ አስተካክሎ የሚቆምበት ነጥብ ከመከታው 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ስለቱ ገባ ብሎ ነው። ከመከታው በስተኋላ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ 250 ግራም ፖሜል ብንገጥምበት ነጥቡ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ትልቅ ለውጥ ነው። እጅ ላይ ሌላ ሰይፍ ሆኖ ይሰማል፣ ጫፉ በቀላሉ ይታዘዛል።

ግን ቀለለ ወይ? 900 የነበረው 1150 ግራም ሆነ። ከበደ እንጂ አልቀለለም። ለመሽከርከር የተመቸና ቀላል አንድ አይደሉም፤ ይሄን ልዩነት ለማወቅ ሰይፍ አያስፈልግም፣ መጥረጊያ ዳሩን ይዞ መወዝወዝና መሃሉን ይዞ መወዝወዝ ይበቃል። ክብደቱ ያው ነው፣ እጃችን የሚለው ግን ሌላ ነው።

አሁን «ብቻ» ወደምትለዋ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ ውስጥ ሳተን ሁ በተባለ ቦታ ከተቆፈረው የመርከብ መቃብር አንድ ሰይፍ ወጣ፤ ፖሜሉ ወርቅና ቀይ ጋርኔት ድንጋይ ነው። በ2009 ደግሞ እዛው እንግሊዝ፣ ስታፎርድሺር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የወርቅና የብር ቁርጥራጮች ተገኙ። ከ70 በላይ የፖሜል ቆቦች ነበሩበት። ስለት አንድም የለም። አንድ ሰው እጀታዎቹን ፈልቅቆ ጌጡን ሰብስቧል፣ ብረቱን ወደ ሌላ ቦታ ልኳል። እነዚህ የፖሜል ቆቦች ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ ከስስ ብረት የተሠሩ ነገሮች ናቸው። ሰይፍን የሚመዝን ክብደት የላቸውም።

ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። ግላዲየስ የሚባለው የሮማ ሰይፍ ፖሜል ብዙ ጊዜ እንጨት፣ አጥንት ወይም የዝሆን ጥርስ ነው። የካታናው ካሺራ ስስ የብረት ወይም የቀንድ ቆብ ነው። ፖሜል ለሚዛን ብቻ ከሆነ እነዚህ ሁሉ ሠሪዎች ምን ሲሰሩ ነበር?

መልሱ ፖሜል ብዙ ሥራ ያለው መሆኑ ነው። እጅ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ያግዳል። ጭራው ሲደበደብበት እጀታውን ሁሉ ይቆልፋል። ተቀራርበው ሲያዙ ጠላትን ይመታል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን የውጊያ መጻሕፍት ላይ ሰይፉን በስለቱ በኩል ይዞ በእጀታው እንደ መዶሻ መምታት በሥዕል ይታያል፣ ሞርድሃው ይሉታል፣ የግድያ ምት እንደማለት። ፖሜል የሀብት ማሳያ ነው። የቅዱሳን ቅርስ ማስቀመጫም ይሆናል፤ ስለ ጦረኛው ሮላን በሚተርከው የፈረንሳይ ጥንታዊ ግጥም የሰይፉ የዱራንዳል እጀታ ውስጥ የቅዱስ ጴጥሮስ ጥርስ አለ ተብሏል። ሚዛን ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰይፎቹ ሲረዝሙና ሲከብዱ ቦታው ከፍ ያለ አንዱ።

ስሙስ? ከድሮው ፈረንሳይኛ ነው፣ ትንሽ ፖም እንደማለት። ጣሊያኖች ዛሬም «ፖሞ» ይላሉ። ቻይናዎች የጂያን ሰይፋቸውን ፖሜል የሰይፉ ራስ ይሉታል፣ ጃፓኖችም ካሺራ ሲሉ ራስ ማለታቸው ነው። አንዱ ፍሬ አየ፣ ሌላው ራስ አየ። ማንም ሚዛን አላየም።

ጸሐፊው በመሃል፣ ፈረሰኞች ፖሜሉን ከሰይፋቸው ፈትተው ጠላት ላይ ይወረውሩ ነበር ብለዋል። ይሄ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ለቀልድ ሲዞር የኖረ ወሬ ነው። አንድ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ላይ በእርግጥ አለ፣ ሙሉ የጦር ልብስ ለብሰው ለሚፋለሙ ሁለት ሰዎች የቀረበ ብልሃት። ከዛ ላይ ተነስቶ ሁሉም ይወረውር ነበር ማለት ግን፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው። አብዛኛው ፖሜል በተደበደበ ጭራ የተቆለፈ ነው። ለመፍታት መጋዝ ያስፈልጋል። ጠላት ቆሞ ይጠብቅ ይሆን?

መስቀል የመሰለው መከታ

የመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1095 ነው። የመከታው መርዘም ግን በ10ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአዋጁ በፊት ተጀምሯል። የቫይኪንግ ዘመን ማብቂያ ሰይፎች ላይ አጭሩ አግዳሚ እየቀጠነና እየረዘመ ሲሄድ ይታያል። መስቀል የሆነው ቀስ በቀስ ነው። አንድ ቀን አንድ ጳጳስ ባርኮ አልሰጠውም። ከተሠራ በኋላ ሰዎች መስቀል አዩበት፣ ጸለዩበት፣ ማሉበት፤ ይሄ እውነት ነው፣ ቆንጆም ነው። ግን ምክንያት ሳይሆን ውጤት ነው። በማዶ ያሉት የሙስሊም ተዋጊዎች ሰይፍም እኮ አግዳሚ መከታ ነበረው።

«ኪዮን» የሚለው ደግሞ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የያዙት ከመካከለኛው ዘመን በኋላ፣ ይበልጥም በሰብሳቢዎችና በአጥኚዎች በኩል ነው። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝኛ የሚባለው በቀላሉ «መስቀል» ነበር። ጸሐፊው ስለ መስቀል እየጻፉ ይሄ እንዴት እንዳመለጣቸው ገረመኝ፣ ለእሳቸው ክርክር የሚጠቅም ነበር። ስፔኖች በበኩላቸው ሁለቱን ክንዶች «ጋቪላኔስ» ይሏቸዋል፣ ጭልፊቶች።

ዋናው ያመለጣቸው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ስለ መከታ ሲጻፍ ጣፋጩ ክፍል እሱ ነው። ሰው አመልካች ጣቱን ከመከታው አሻግሮ ስለቱ ሥር ላይ ማሳረፍ ጀመረ፣ ጫፉን በደንብ ለማዘዝ። ጣቱ ግን ተጋለጠ። ስለዚህ ጣቱን የሚከልል ቀለበት ተጨመረ። ከዛ የእጅ ጀርባን የሚከልል የጎን ቀለበት። ከዛ ጣቶችን ከፊት የሚከልል፣ ከመከታው ተነስቶ ወደ ፖሜሉ የሚታጠፍ ቅስት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ራፒየር የሚባለው ቀጭንና ረጅም ሰይፍ ሲመጣ እጀታው የብረት ሐረግ የወጣበት ይመስላል። ሰይፍ የከተማ ሰው በየቀኑ ልብሱ ላይ የሚታጠቀው ነገር ሆኗል፣ ያ ሰው ደግሞ ጋሻም የብረት ጓንትም አይዝም። እጅ ራቁቱን ሲቀር እጀታው ልብስ ለበሰ።

ስሞቹም አብረው በዙ። ባለ ቅርጫት እጀታ፣ በስኮትላንድና በቬኒስ። ባለ ጽዋ እጀታ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን። ጀርመኖች ሙሉውን እጀታ «ገፌስ» ይሉታል፣ ዕቃ ወይም ማሰሮ እንደማለት። ቅርጫት፣ ጽዋ፣ ማሰሮ። ጦር ሜዳ ነው ወይስ ወጥ ቤት? ግን ተመልከቱ፣ ሁሉም ስሞች የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ እጅ የሚገባበት ነገር። እዚህ ላይ ስሙና ስራው ተገናኝተዋል። ጸሐፊው ይሄንን ቢያነሱ ምላሽ ባልጻፍኩ ነበር።

ስለ ጃፓኑ ጹባ ያሉት፣ የጠላትን ስለት ለመያዝ የተሠራ ነው የሚለው፣ ብዙ አያከራክረንም። ዋና ሥራው ሲወጋ እጅ ወደራሱ ስለት እንዳይንሸራተት ማገድ ነው። እንቀጥል።

ስማቸው ይናገራል የተባሉት ሁለቱ

አንደኛው «ሞርቹዋሪ» የሚባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሰይፍ ነው፤ ቃሉ ከሞትና ከሬሳ ጋር የተያያዘ ነው። የቅርጫት እጀታው ላይ የሰው ፊት ተቀርጾበታል። ጸሐፊው ፊቱ እ.ኤ.አ. በ1649 አንገቱን የተቀላው የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ነው፣ ለመታሰቢያው ተሠራ ይላሉ። ስሙን ያወጡት ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰብሳቢዎች ናቸው። ከሰይፎቹ አንዳንዶቹ የተሠሩት ንጉሡ በሕይወት እያለ ነው። ለቆመ ሰው ሙት ዓመት ማውጣት ነው።

ሁለተኛው ክላይሞር። በስኮትላንድ ጌሊክ ትልቅ ሰይፍ ማለት ነው። ስለዚህ ክላይሞር መባል ያለበት በሁለት እጅ የሚያዘው ረጅሙ ብቻ ነው፣ ባለ ቅርጫቱን እንዲህ ማለት ስህተት ነው ይላሉ። የቃሉ ፍቺ ልክ ነው። ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ቅርጫቱም ክላይሞር ሲባል ኖሯል። የዛን ጊዜ ሰዎች በአፋቸው ያሉትን እኛ ዛሬ መዝገበ ቃላት ይዘን ስህተት ነው ልንላቸው አንችልም።

አንድ ነገር ላይ ጸሐፊውን ማመስገን አለብኝ። መጨበጫው እንዴት እንደሚሠራ የጻፉት አንቀጽ ጥሩ ነው። የእንጨት እምብርት፣ ከላዩ የተጠመጠመ ገመድ፣ ከሱ ላይ ቆዳ። ገመዱ ከቆዳው ስር ጎርበጥ ጎርበጥ እያለ ለጣት መያዣ እንደሚሆን ያስረዱበት መንገድ ግልጽ ነው፣ እኔም ከዚህ የተሻለ አልጽፈውም።

የቀረው ሥዕሉ ነው። የአውሮፓው ሰይፍ ላይ «ሪካሶ» የሚል ቀስት ከእጀታው ክፍሎች ጋር ተደርድሯል። ሪካሶ ከመከታው ፊት ያለው ያልተሳለው የስለቱ ክፍል ነው፣ ጣት የሚያርፍበት ያልኩት ቦታ። እጅ ቢነካውም የስለቱ ነው። የካታናው ሥዕል ላይ ደግሞ «ሃባኪ» የሚለው ቀስት ጹባው ላይ አርፏል። ሃባኪ ከስለቱ ሥር የሚጠለቀው የብረት እጅጌ ነው፣ ሰይፉን ሰገባው ውስጥ አጥብቆ የሚይዘው። ቀስቱ ወደ ስለቱ በኩል አንድ ጣት ያህል ገፋ ይበልልን።